የወተት ፍየል ለጀማሪ አርቢ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ሁለት ሦስት ፍየል በጓሮ ይዘው ለቤታቸው ወተት ማግኘት የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በዋናነት ለደጋና ለወይና ደጋ ኢትዮጵያ፣ አስሮ ወይም አጥሮ ለሚያረባ ሰው የተጻፉ ናቸው።

ስንት ፍየል ይዤ ልጀምር?

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እናት ፍየሎች። አንድ ብቻ አይግዙ። ፍየል ከመንጋዋ ስትነጠል ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ወተቷም ይሸሻል። ከሦስት በላይ ያለውን የሚወስነው ደግሞ ገንዘብዎ ሳይሆን መኖዎ ነው። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ይህ በእርጥብ ሣርና ቅጠል ሲሰላ 5 ኪሎ ያህል ይሆናል። ለሦስት ፍየል በየቀኑ 15 ኪሎ፣ በጥርም በየካቲትም ሳይቋረጥ ማለት ነው። ይህንን ከየት እንደሚያመጡ ካላወቁ ገና አይግዙ።

ከፍየሉ በፊት ምን ማዘጋጀት አለብኝ?

መኖ፤ ቤቱ ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጀማሪ በቆርቆሮና በእንጨት ገንዘቡን ይጨርስና ፍየሎቹ ከገቡ በኋላ ገለባ ፍለጋ ይወጣል። ገለባ ፍየልን በሕይወት ያቆያል እንጂ አያሳልብም።

ከግዢው አንድ ክረምት ቀድመው በአጥርዎ ዙሪያ የመኖ ዛፍ ይትከሉ። ለወይና ደጋ ሰስባንያና የርግብ አተር፣ ለደጋ ትሪ ሉሰርን፣ ሞቅ ላለ ቦታ ሉኪንያ ይስማማሉ። ችግኞቹን በግማሽ ሜትር ርቀት ይደርድሯቸው። የትሪ ሉሰርንና የሉኪንያ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ከተዘራ ግማሹ አይበቅልም። የፈላ ውሃ ከእሳት አውርደው ዘሩ ላይ ያፍሱና እዚያው እየቀዘቀዘ እንዲያድር ይተዉት፤ ጠዋት ያበጠውን ይዝሩ። ሰስባንያን ሲቆርጡ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ግንድ ይተዉለት። ዝቅ ተደርጎ የተቆረጠ ሰስባንያ ይደርቃል፤ አብዛኛው ሰው ዛፉን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከሥሩ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ቢኖር መልካም ነው።

የትኛው ዝርያ ይሻለኛል? የውጭ ዝርያ ልግዛ?

በአገራችን በወተት የሚታወቀው በሁመራ አካባቢ የሚገኘው የበጌት ፍየል ነው። ከሰቆጣ እስከ ተምቤን የሚረባው የአበርገሌ ፍየል አካሉ ትንሽ ነው፣ ድርቅና ገደል ይችላል፤ ባለቤቶቹ ለወተትም ያረቡታል። በሶማሌና በአፋር ቆላም የፍየል ወተት የዕለት ምግብ ነው። ለጀማሪ ግን ከሁሉም የሚሻለው ያው የአካባቢው ፍየል ነው፤ የአካባቢውን አየር፣ መዥገርና ሣር ለምዷል።

የውጭ ደም ያላቸው ዲቃላዎች (አንግሎ ኑቢያን፣ ሳነን፣ ቶገንበርግ) ወተት የሚሰጡት መኖው፣ ውሃውና ሕክምናው ሲሟላ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት አንግሎ ኑቢያንን ከሶማሌ ፍየል እያዳቀለ ሐረርጌን ጨምሮ በተለያዩ አካባቢዎች ለሴት አርሶ አደሮች አሠራጭቶ ነበር። በኋላ በምሥራቁ ደጋ በተደረገ ጥናት፣ የተሻሻለው አያያዝ ለሁለቱም እኩል ሲደረግ ዲቃላዎቹ ከአገሬው ፍየል የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ስለዚህ መጀመሪያ የአገሬውን ፍየል በደንብ አብልተው ይዩት።

ስገዛ ምን ምን ልመልከት?

ከተቻለ ከገበያ ሳይሆን ከአርቢው ቤት፣ በጠዋት፣ በሚታለብበት ሰዓት ሄደው ይግዙ። ሲታለብ ካላዩ ስለ ወተቱ የሚነገርዎት ሁሉ ወሬ ነው።

ግቷን በእጅዎ ይዳስሱ። ሁለቱም ወገን እኩል ይሁን፤ ከታለበ በኋላ ባዶ ከረጢት ይመስል መልፈስፈስ አለበት። ውስጡ ድንጋይ መሳይ እብጠት ካለ ያለፈ የጡት በሽታ ነው፤ ያ ወገን ተመልሶ ወተት አይሰጥም። ቀጥሎ ጥርስ። ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ የታችኞቹን ስምንት ይቁጠሩ። ሁሉም ጥቃቅን የወተት ጥርስ ከሆኑ ከዓመት በታች ናት። መሃል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ካሉ ከአንድ ዓመት ትንሽ ያለፈች፣ አራት ከሆኑ ሁለት ዓመት የተጠጋች፣ ስምንቱም ከተቀየሩ አራት ዓመት ገደማ ናት። ለጀማሪ አንዴ ወይም ሁለቴ የወለደች፣ ሁለት ወይም አራት ጥርስ ያላት ትሻላለች።

የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠው ይዩ፤ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን። ነጣ ካለ ሆዷ ውስጥ ደም መጣጭ ትል አለ። ጅራቷ ሥር በተቅማጥ የተለጠፈ ጸጉር አይኑር፤ በጠጧ ክብና ደረቅ ይሁን። ስትራመድም ይዩአት።

አዲስ ፍየል ገዝተው ሲመጡ ቀድመው ካሉት ጋር ወዲያው አይቀላቅሉ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ለብቻ ያቆዩ፣ በመጨረሻ ይመግቡ፣ ወደ ነባሮቹ ሲሄዱ እጅና ጫማ ይታጠቡ።

ጉረኖው ምን ዓይነት ይሁን?

ፍየል ብርድን ትችላለች፤ የሚገድላት እርጥበትና የሽንት ጭስ ነው። በክረምት የሚያስል ግልገል ካለ መጀመሪያ ወለሉን ይመርምሩ። ከመሬት ከ70 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ያለ የጣውላ ወይም የቀርከሃ ርብራብ ወለል ይሥሩ፤ በጠጡና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። ከዚያ ከሰፋ የግልገል እግር ይሰበራል፤ ከጠበበ በጠጡ አይወርድም። ለአንዲት እናት ከ1.5 እስከ 2 ካሬ ሜትር ቦታ ይበቃታል።

ግድግዳው ከነፋስ በኩል እስከ ፍየሏ ራስ ቁመት ድፍን፣ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ክፍት ይሁን። ጎንበስ ብለው በፍየሏ አፍንጫ ቁመት አየሩን ያሽቱ፤ ዓይንዎን ካቃጠለዎት እርሷንም ሳንባዋን እያቃጠላት ነው። የመኖ ገንዳው ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ጭንቅላቷን ብቻ በሚያስገባ ቀዳዳ ይሠራ። ፍየል የረገጠችውን አትበላም፤ መሬት ላይ የተጣለ መኖ ሲሶው ብክነት ነው።

በቀን ምን ያህል ላብላ?

መሠረቱ ሣር፣ ድርቆሽና የዛፍ ቅጠል ነው። ቅጠሉን በእቅፍ አስረው ይስቀሉላት፤ ቀና ብሎ መብላት ተፈጥሮዋ ነው። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለምትታለብ ፍየል ከዚህ በተጨማሪ ቅይጥ መኖ ያስፈልጋታል። ለ10 ኪሎ፦ የስንዴ ፉርሽካ 6.7 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) 3.2 ኪሎ፣ ጨው 100 ግራም። ከዚህ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ፣ በምትታለብበት ሰዓት ይስጧት። በዓይን አይገምቱ፤ የፉርሽካ ጣሳ ሲታይ ብዙ፣ ሲመዘን ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ በሚዛን መዝነው ጣሳው ላይ በምስማር ምልክት ይጫሩ፣ ከዚያ በኋላ በምልክቱ ይስፈሩ። ቅይጡን ለማታውቅ ፍየል በ50 ግራም ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ያድርሷት።

ፋጉሎውን ሲገዙ ሰብረው ያሽቱት። ሻጋታ ያለበት ወይም ከውስጡ የጠቆረ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ በወተቱ በኩል ወደ ልጆችዎ ያልፋል፤ ማፍላትም አያጠፋውም።

ውሃ በቀን ከ4 እስከ 6 ሊትር፣ ንጹሕ። በጠጥ የገባበትን ውሃ ፍየል ጠምቷትም አትጠጣም። ወተት በድንገት ሲቀንስ ብዙ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የውሃ ባልዲውን ይዩ።

የማይበሉ ቅጠሎች አሉ?

አሉ፣ የሚገድሉም አሉ። የአቮካዶ ቅጠል ግት ያቃጥላል፣ ወተት ያቆማል፣ ልብም ይጎዳል። ከአጨዳ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ ወይም በድርቅ የጠወለገ ለጋ የማሽላ ቀንበጥ ሳያናይድ ስላለው በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሉኪንያ ጥሩ መኖ ነው፤ ግን ከዕለቱ መኖ ከሲሶ ከበለጠ ጸጉር ያረግፋል።

ወጠጤ ማስቀመጥ አለብኝ?

ለሁለት ሦስት እናት አያዋጣም። አንድ አውራ ለ20 እና 25 እናት ይበቃል፤ ስለዚህ ከጎረቤት ይዋሱ ወይም በጋራ ይግዙ። አባት ከልጆቹ ጋር እንዳይገናኝ በየሁለት ዓመቱ ይቀያየሩ። የራስዎ ወንድ ግልገሎች ከ4 ወር ጀምሮ እናትና እኅቶቻቸውን ሊያስረግዙ ስለሚችሉ ከዚያ በፊት ይለዩአቸው ወይም ያኮላሿቸው።

ገና ያልወለደችን ፍየል ለማስጠቃት ዕድሜዋን ብቻ አይዩ፤ የአዋቂ ክብደቷን ሁለት ሦስተኛ ያህል ትድረስ። አውራ የፈለገች ፍየል ጅራቷን ቶሎ ቶሎ ታወዛውዛለች፣ ትጮኻለች፣ ሌሎች ላይ ትወጣለች። ይህ ከአንድ ቀን እስከ ቀን ተኩል ይቆያል፤ ካልያዘላት በ21 ቀን ገደማ ይመለሳል።

የምትወልድበትን ቀን እንዴት ላስላ?

እርግዝናው 150 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ አምስት ወር ይቁጠሩ። ኅዳር 10 የተጠቃች ሚያዝያ 10 ትወልዳለች። ጳጉሜን በመካከል ከገባች አምስት ቀን ይቀንሱ፦ ግንቦት 10 የተጠቃች ጥቅምት 5 ትወልዳለች። ሦስት አራት ቀን ወዲህ ወዲያ ማለት ያለ ነው።

ወሩን መምረጥ ከቻሉ አስበው ይምረጡ። የጥቅምት ወሊድ መኖ በጠገበበት ጊዜ ስለሚሆን ወተቱም ግልገሉም ያምራል፤ ወንዱ ግልገል ለፋሲካ ስድስት ወር ይሞላዋል። ነገር ግን ወተቱ የሚበረታው ከወለደች ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ነውና በጾመ ነቢያት ላይ ይወድቃል። ወተቱን የሚሸጡት ለጾመኛ ሰፈር ከሆነ የሚያዝያው ወሊድ ይሻላል፤ ለዚያ ደግሞ የበጋ ድርቆሽ አስቀድሞ መከማቸት አለበት።

ስትወልድ ምን ላድርግ?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ደረቅ ሣር ያንጥፉ፣ ራቅ ብለው ይመልከቱ። ሁለት የፊት እግሮችና በላያቸው አፍንጫ ከታየ በትክክል እየመጣ ነው። አጥብቃ ካማጠች ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖ ምንም ካልታየ፣ ወይም ጭንቅላት ብቻ፣ ጅራት ብቻ ከታየ ሐኪም ይጥሩ።

ግልገሉ እንደወጣ አፍንጫውን ይጥረጉ፣ እትብቱን አዮዲን ውስጥ ይንከሩ፣ እናቱ ትላሰው። ከዚያ ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንገር መጥባት አለበት። ግልገል ሲወለድ በሽታ የሚከላከልበት አቅም የለውም፣ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው፤ አንጀቱም እንገሩን በሙሉ አቅሙ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን 250 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፣ ግማሹን በስድስት ሰዓት ውስጥ። መጥባት ያቃተውን አልበው በጡጦ ያጠጡት። «ጥሩ አይደለም» ተብሎ እንገር መሬት ላይ የሚደፋባቸው ቤቶች አሉ፤ ያ ግልገሉን መግደል ነው።

የእንግዴ ልጁን በእጅ አይጎትቱ። በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ይየው። ሲወጣ በጓንት አንስተው ይቅበሩት፣ ለውሻ አይስጡ።

ግልገሉ እየጠባ እኔም ማለብ እችላለሁ?

ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሙሉ ለሙሉ ለግልገሉ ይተዉ። ከዚያ ማታ ግልገሎቹን ለይተው ያሳድሩ፣ ጠዋት ይለቡ፣ ቀን ከእናታቸው ጋር ይዋሉ። መንታ ከሆኑ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሁሉንም አያልቡ። በሦስት ሳምንታቸው ለስላሳ ቅጠል መቀንጠብ ይጀምራሉ፤ በሦስት ወር፣ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ሲደርሱ ጡት ይጣሉ።

አስተላለቡን ከመጀመሪያ አስረዱኝ።

ፍየሏን ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠንካራ መቆሚያ ላይ ያውጧትና ቅይጥ መኖዋን ፊቷ ያስቀምጡ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ግቷን በለብ ያለ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። ማድረቁን አይዝለሉ፤ እርጥብ ግት ላይ ያለው ቆሻሻ ውሃ በጣትዎ ተንሸራቶ ወተቱ ውስጥ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጭረቶች ጥቁር ጨርቅ ላይ ይለቡ። ንፍጥ፣ እርጎ መሳይ ቅንጣት ወይም ደም ካዩ የጡት በሽታ ነው፤ ያንን ፍየል በመጨረሻ አልበው ወተቱን ይድፉ፣ ሐኪም ያማክሩ።

አሁን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣትዎ የጡቱን ሥር እንደ ቀለበት ይዝጉ። ቀለበቱ ሳይላላ መሃል ጣት፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣት፣ ቀጥሎ ትንሿ ጣት በተራ ይጨመቃሉ። ቀለበቱ ከላላ ወተቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ወደ ታች አይጎትቱ፤ መጎተት ውስጡን ያቆስላል፣ በሽታው በዚያ ይገባል። ጡቷ አጭር ከሆነ በሁለት ጣት ብቻ በቀስታ ይለቡ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሲጨርሱ ጡቶቹን አዮዲን ባለው የጡት መንከሪያ ይንከሩ፤ ወዲያው እንዳትተኛም ድርቆሽ ይስጧት፣ የጡቱ ቀዳዳ እስኪዘጋ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ወተቱ ለምን ይሸታል?

በሦስት ምክንያት፦ አውራው እናቶቹ መሃል ስለሚውል፣ ዕቃው በደንብ ስላልታጠበ፣ ወተቱ ቶሎ ስላልቀዘቀዘ። እንደታለበ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። የማለቢያ ዕቃን በወይራ ማጠን የቆየ ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን መታጠቡን አይተካም።

ስንት ሊትር ልጠብቅ?

ከአገሬው ፍየል፣ ግልገሏ እየጠባ፣ በቀን ግማሽ ሊትር ካገኙ ጥሩ ነው። በደንብ የምትበላ ዲቃላ ከአንድ ሊትር በላይ ልትሰጥ ትችላለች።

ጥሬውን መጠጣት ይቻላል? ለሕፃንስ?

ጥሬውን አይጠጡ። ብሩሴሎሲስ የተባለው የውርጃ በሽታ ከፍየል ወደ ሰው ከሚያልፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ጥሬ ወተት ነው፤ ሰውን ለወራት በሚመላለስ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃያል። ገንፍሎ እስኪወጣ ያፍሉት፣ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ፍየል ካስወረደች የወጣውን ያለ ጓንት አይንኩ።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን የፍየል ወተት በእናት ጡት ምትክ አይሰጥም። ፎሌት የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም አነስተኛ ስለሆነ ሕፃኑን ለደም ማነስ ይዳርገዋል። ለትልልቅ ልጆች ግን ግሩም ምግብ ነው። አይብም ይወጣዋል፤ ቅቤ ግን የስቡ ቅንጣት ደቃቅ ስለሆነ እንደ ላም ወተት በቀላሉ አይሰፍፍም።

የትኞቹን ክትባቶች ላስከትብ?

ሦስቱን አይለፉ፦ ደስታ መሰል በሽታ፣ የፍየል ሳንባ በሽታ፣ የበግና ፍየል ፈንጣጣ። ደስታ መሰሉ በትኩሳት፣ በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በአፍ ቁስልና በተቅማጥ ይታወቃል፤ አንድ ክትባት ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል። የሳንባው በሽታ ፍየሏን የፊት እግሮቿን አራርቃ እያቃሰተች እንድትቆም ያደርጋል፤ ክትባቱ በየዓመቱ ይደገማል፣ የፈንጣጣውም እንዲሁ። አባ ሰንጋ ባለበት አካባቢ እርሱም ይጨመር። ክትባቶቹ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታሉ። አንድ ብልቃጥ ለብዙ እንስሳ ስለሆነና ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት ከጎረቤቶችዎ ጋር ተሰብስበው የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

ትል መቼ ላክም?

በክረምት መውጫ፣ ከዚያ ደግሞ የዓይን ቆቧ ሲነጣ ወይም ከአገጯ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲታይ። የአልቤንዳዞል ኪኒን በበግ መጠን ሰጥተው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ፈጥና ስለምታስወጣው እጥፍ ያህል ያስፈልጋታል፤ ልኩን በክብደቷ ሐኪም ያስላው። በመጀመሪያው የእርግዝና ወር አልቤንዳዞል አይሰጥም። ከማንኛውም መድኃኒት በኋላ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ጠይቀው ይጻፉ።

አንገቷን አዘንብላ ክብ የምትዞር ፍየል አዙሪት ይዟት ይሆናል። ምክንያቱ የውሻ ኮሶ ትል ነው። በበዓል የታረደ በግና ፍየል ጭንቅላት ለውሻ ሲጣል ዑደቱ ይቀጥላል። ጭንቅላቱን ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት ይስጡ።

ሆዷ ተነፍቶ ባገኛትስ?

የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ጊዜ የለም። የፊት እግሮቿ ከፍ ባለ ቦታ ያቁሟት። እርጥብ ጥራጥሬ መሳይ ቅጠል በልታ ከሆነ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በአፏ ጎን፣ ጭንቅላቷን ብዙ ሳያቃኑ፣ ቀስ አድርገው ያጠጡ፤ ካጣደፉት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ ጎኗን እያሹ ያራምዷት። እህል ሰርቃ ከሆነ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ 20 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይሰጣታል፣ እህሉም ይወሰዳል። ሁለቱም የመጀመሪያ እርዳታ ናቸውና ወዲያው ሐኪም ይጥሩ።

መቼ ማለብ ላቁም?

ከመውለዷ ሁለት ወር ቀድመው ያንጥፏት። በማኅፀኗ ያለው ግልገል አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በዚያ ጊዜ ነው፤ ግቷም ለሚቀጥለው ወተት ይታደሳል። ቅይጥ መኖዋን ያቁሙ፣ ማለቡን ወደ ቀን አንዴ፣ ቀጥሎ በሁለት ቀን አንዴ አውርደው ይተዉት። ግቷ ለጥቂት ቀን ይወጠራል፤ ካልሞቀና ካልቀላ አይንኩት፣ ሰውነቷ ራሱ ይመጠዋል። በመጨረሻው ወር ቅይጡን ከ200 ግራም ጀምረው ይመልሱላት።